ቺንጋው ብቻ አይበቃም፦ ስለ ታይሚንግ ቺንጋ መለዋወጫ የሚነገረው ተረትና እውነታው

ታይሚንግ ቺንጋ ሊበጠስ ሲል ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም። ሃይሉክሱ የዓባይን በረሃ ሽቅብ እየወጣ፣ ወይም ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሞልቶ መገናኛ እንደደረሰ ሞተሩ ድንገት ጸጥ ይላል። ቁልፍ ሲዞር ከወትሮው ቀልሎ ይሽከረከራል እንጂ አይነሳም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ የታጠፈ ቫልቭ፣ የተመታ ፒስተንና የወረደ ቴስታታ ወጪ ነው፤ የቺንጋው ዋጋ ከዚህ ጎን ሲቆም ኢምንት ነው።

የቺንጋው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ከታች ያለው ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ከላይ ያለው ካምሻፍት በትክክል አንድ ጊዜ እንዲዞር ያደርጋል። በብዙ ሞተሮች ቫልቩና ፒስተኑ አንዱን ቦታ በየተራ ይጠቀሙበታል፤ ተራቸውን የሚያስጠብቀው ይህ ቺንጋ ነው። እንደ ቀድሞው የኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ ያሉ አንዳንድ የቤንዚን ሞተሮች በቫልቩና በፒስተኑ መካከል በቂ ክፍተት ስላላቸው ቺንጋ ሲበጠስ ከመቆም በቀር ጉዳት አይደርስባቸውም። በናፍጣ ሞተር ግን ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ቺንጋው ከተበጠሰ ግጭቱ አይቀርም።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ በእጃችን ያለውን ሞተር ተንከባክቦ ማቆየት ከቀድሞው ይበልጥ ግድ ሆኗል። የዚህ ሥራ መለዋወጫ ግን አሁንም የሚገዛው በወሬ ነው። አንዱ «ኦርጂናል ብቻ» ይላል፣ ሌላው «ሁሉም አንድ ነው» ይላል። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ከታይሚንግ ቺንጋው ክዳን ጀርባ የሚገባው እያንዳንዱ ዕቃ፣ ክዳኑ በሚቀጥለው ጊዜ እስኪከፈት ድረስ ይዘልቃል ወይ? የሚከተሉትን ተረቶች በዚህ ጥያቄ እንመዝናቸው።

ተረት 1፦ «ቺንጋው ከተቀየረ ይበቃል፤ ኩሽኔታዎቹ ደህና ናቸው»

እውነታው፦ ቺንጋው ብቻውን አይሠራም። የሚወጥረው ቴንሽነርና አቅጣጫውን የሚመራው አይድለር በውስጣቸው ኩሽኔታ አላቸው። የኩሽኔታው ግሪስ ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣ ስለሆነ አይጨመርም፣ አይታደስም፤ ሞተሩ በሠራ ቁጥር እያለቀ ይሄዳል። መካኒኩ በጣቱ አዙሮ «ድምፅ የለውም» ቢል፣ ያ ፍተሻ ዕቃው ዛሬ መዞሩን ብቻ ያሳያል። ሞተሩ ሞቆ፣ ቺንጋው ወጥሮት፣ በደቂቃ ሦስት ሺህ ዙር ሲሽከረከር የሚሆነውን አያሳይም። ኩሽኔታው ከተያዘ ወይም ከተፈታ አዲሱን ቺንጋ ይበላዋል፤ ያኔ ውድ ቺንጋ መግዛት ጥቅም አልሰጠም።

በካምሻፍቱና በክራንክሻፍቱ ጫፍ ያሉት ኦይል ሲሎችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ዋጋቸው ትንሽ ነው። ዘይት ካፈሰሱ ግን ዘይቱ ላስቲኩን አለስልሶ ጥርሱን ከሥሩ ያላቅቀዋል። በሚትሱቢሺ 4ዲ56 ሞተር፣ ማለትም በብዙ ኤል200 እና ፓጄሮ መኪኖች ላይ፣ ከዋናው ቺንጋ ሌላ የሞተሩን ንዝረት የሚቀንሱትን ዘንጎች የሚያዞር ትንሽ ቺንጋ አለ። ይህን ትንሽ ቺንጋ «ሞተሩን አያስነሳም» ብሎ መተው አደገኛ ስህተት ነው። ሲበጠስ ቁርጥራጩ ዋናው ቺንጋ ውስጥ ገብቶ አብሮ ይዞት ይሄዳል።

ተረት 2፦ «የውኃ ፓምፕ ካላፈሰሰ አይነካም»፤ ወይም በተቃራኒው «ፓምፕ ሁልጊዜ አብሮ ይቀየራል»

እውነታው፦ መልሱ እንደ ሞተሩ ይለያያል። በመጀመሪያው ራቭ4 ላይ ባለው 3ኤስ-ኤፍኢ ሞተር የውኃ ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ ታይሚንግ ቺንጋው ነው። ፓምፑ ከተያዘ ቺንጋውን ይበጥሳል፤ ካፈሰሰም ውኃው ቺንጋውን ያበላሸዋል። እንዲህ ባለ ሞተር ያረጀ ፓምፕ ትቶ አዲስ ቺንጋ ማሰር ሥራውን ሁለቴ መክፈል ነው።

በሃይሉክስና በሃያስ ላይ በምናውቃቸው 5ኤል እና 2ኬዲ ሞተሮች ግን ፓምፑ የሚዞረው በውጭው ቺንጋ ነው። እዚያ ፓምፑ ማፍሰሱ፣ ዘንጉ መወላወሉና ድምፁ ተመርምሮ ይወሰናል፤ ደህና ከሆነ ሌላ ጊዜ ለብቻው መቀየር ይቻላል። መካኒኩ «ፓምፕም ግዛ» ሲል «በዚህ ሞተር ላይ ፓምፑን የሚያዞረው የትኛው ቺንጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ የባለመኪናው መብት ነው። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክም በደስታ ይመልሳል።

ተረት 3፦ «ኦርጂናል የሚባለው የመኪናው ፋብሪካ ካርቶን ውስጥ ያለው ብቻ ነው»

እውነታው፦ የመኪና ፋብሪካዎች ቺንጋና ኩሽኔታ በአብዛኛው ራሳቸው አይሠሩም፤ በዚህ ሙያ ከተካኑ ኩባንያዎች ያሠራሉ። ለጃፓን መኪኖች ቺንጋ ከሚሠሩት መካከል መቀመጫቸው ኮቤ ከተማ የሆነው ባንዶና ሚትሱቦሺ ይገኛሉ። ጌትስ፣ ዴይኮና ኮንቲኔንታልም ለመኪና ፋብሪካዎች የሚያቀርቡ ታላላቅ ስሞች ናቸው። በኩሽኔታ በኩል ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን፣ ኤስኬኤፍና ኢና ይጠቀሳሉ። ለቶዮታ የውኃ ፓምፕ ከሚያመርቱት አንዱ አይሲን ነው። የእነዚህ አምራቾች ዕቃ በራሳቸው ካርቶን ሲሸጥ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ጥራቱ ግን ሊታመን ይችላል።

ችግሩ የታወቀ ስም ሁሉ አስመሳይ የሚሠራበት መሆኑ ነው። የመኪናው ፋብሪካ ካርቶንም ይመሰላል። ስለዚህ ካርቶኑን ብቻ አይተው አይግዙ፤ ዕቃውን ያውጡና ይዩት። በቺንጋው ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ያለና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ቁጥሩ ከካርቶኑ ቁጥር ጋር ይመሳከር። የጥርሶቹ ቅርጽ ወጥ ይሁን፤ ጠርዙ ላይ የተጎረደ ክር አይንጠልጠል። ቴንሽነሩ ወይም አይድለሩ ላይ የኩሽኔታው አምራች ስም ተቀርጾ እንደሆነ ይመልከቱ። ዋጋው ከሌሎቹ ሱቆች በብዙ የሚያንስ ከሆነ ምክንያት አለው።

የትውልድ አገርን ብቻ ይዞ መፍረድም ያሳስታል። ትልልቆቹ አምራቾች በልዩ ልዩ አገሮች ፋብሪካ አሏቸው። «የቻይና ነው» የሚለው ቃል ዕቃው መጥፎ መሆኑን አያረጋግጥም፤ «የጃፓን ነው» የሚል ቃልም እውነተኛነቱን አያረጋግጥም። መታወቅ ያለበት አምራቹ ማን እንደሆነና ሻጩ ደረሰኝ ሰጥቶ ኃላፊነት የሚወስድ መሆኑ ነው።

ተረት 4፦ «ከአሮጌው ጋር አለካክቶ ልክ ከሆነ ይገጥማል»

እውነታው፦ ሁለት ቺንጋዎች በርዝመት፣ በስፋትና በጥርስ ብዛት እኩል ሆነው በጥርስ ቅርጽ ሊለያዩ ይችላሉ። የቆዩት ቺንጋዎች ጥርሳቸው ጠፍጣፋ አናት ያለው ነው፤ የኋለኞቹ ክብ ጥርስ አላቸው። የማይመሳሰል ጥርስ ፑሊው ላይ ሲታሰር የተቀመጠ ይመስላል። ጭነቱ ግን በጥቂት ጥርሶች ላይ ያርፋል፤ ሳይቆይ ይሸለታል ወይም ይዘልላል። በብዙ ቺንጋዎች ጀርባ ላይ የጥርሱ ብዛት፣ የቅርጹ ኮድና በሚሊሜትር የተለካው ስፋት በተከታታይ ይጻፋል፤ ሦስቱም መመሳሰል አለባቸው።

ከዚህም በላይ አሮጌው ቺንጋ ራሱ ቀድሞ በስህተት የታሰረ ሊሆን ይችላል። አስተማማኙ መነሻ ሊብሬው ነው። በቶዮታ መኪኖች የሞተር ቁጥሩ የሚጀምረው በሞተሩ ዓይነት ስለሆነ 5ኤል፣ 2ኬዲ ወይም 1ኤችዜድ መሆኑ ከዚያው ይነበባል። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነም ቁጥሩን ከሞተሩ ላይ ማንበብ ነው። የዕቃ ቁጥሩ የሚፈለገው በሞተሩ ዓይነትና በሻንሲ ቁጥሩ ነው። የቶዮታ ታይሚንግ ቺንጋ የዕቃ ቁጥር በ13568፣ የውኃ ፓምፑ ደግሞ በ16100 ይጀምራል። ሻጩ የሚያሳየው ቁጥር ከዚህ የተለየ ከሆነ ማብራሪያ ይጠይቁ።

ተረት 5፦ «ያገለገለ ኦርጂናል ከአዲስ ተራ ዕቃ ይሻላል»

እውነታው፦ ይህ አባባል ለበር፣ ለመብራት ወይም ለዳሽቦርድ ይሠራ ይሆናል፤ ሶማሌ ተራ የብዙ ሰው ባለውለታ የሆነውም በዚህ ነው። ለታይሚንግ ቺንጋ፣ ለቴንሽነርና ለአይድለር ግን ፈጽሞ አይሠራም። የእነዚህ ዕቃዎች ጥንካሬ የሚለካው በቀራቸው ዕድሜ ነው። ከተፈታ ሞተር የወጣ ቺንጋ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሠራ የሚያውቅ የለም።

አዲስ ቺንጋም ቢሆን አያያዙ ይወስነዋል። ጥንካሬውን የሚሰጡት በውስጡ የተዘረጉ የመስታወት ቃጫ ክሮች ናቸው። እነዚህ ክሮች ሲጎተቱ ብርቱ ናቸው፤ ሲታጠፉ ግን ይሰበራሉ፤ ስብራቱም ከውጭ አይታይም። ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ሲመታው የከረመ፣ በላስቲክ ተጠፍሮ የታጠፈ ወይም ወደ ውስጥ የተገለበጠ ቺንጋ አዲስ ቢሆንም አይግዙ። በካርቶኑ ውስጥ ሰፋ ብሎ የተቀመጠውን፣ የምርት ቀኑ የቀረበውን ይምረጡ።

ተረት 6፦ «ካልተሰነጠቀና መብራቱ ካልበራ ጊዜው ገና ነው»

እውነታው፦ ጥርስ ያለው የላስቲክ ቺንጋ ካምሻፍት ሲያዞር በብዛት በተመረተ መኪና ላይ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1962 በጀርመኑ ግላስ 1004 ነው። በቀደሙት ቺንጋዎች ላይ ላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቅ ስለነበር በዓይን መመርመር ትርጉም ነበረው። የዛሬዎቹ ቺንጋዎች የሚሠሩት ሙቀትን እጅግ ከሚችል ላስቲክ ስለሆነ፣ ውስጣቸው ደክሞ ውጫቸው አዲስ ሊመስል ይችላል።

በቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው የቺንጋ መብራትም ቺንጋውን አይመረምርም፤ ኪሎ ሜትር ብቻ ይቆጥራል። በአብዛኛው በ5ኤል ላይ በየ100,000፣ በ1ኬዲና በ2ኬዲ ላይ በየ150,000 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚለው ግን ይቀድማል። ያገለገለ ሆኖ ከዱባይ የገባና ቆጣሪው ወደ ኋላ የተመለሰ መኪና ከሆነ መብራቱ የሚቆጥረው ሐሰት ነው። ታሪኩ የማይታወቅ መኪና ሲገዛ ቺንጋውንና አብረውት የሚሄዱትን ዕቃዎች መቀየር የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ትንሽ እየተነዳ ዓመታት የቆጠረ መኪና ያለውም አይዘናጋ፤ ላስቲክ በሙቀትና በዕድሜም ያረጃል።

ተረት 7፦ «ጠበቅ ሲል አይዘልም»

እውነታው፦ ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ያፏጫል፤ የቴንሽነሩንና የፓምፑን ኩሽኔታ ያደክማል። ልኩን የሚሰጠው የቴንሽነሩ ስፕሪንግ ወይም የዘይት ግፊቱ እንጂ የመካኒኩ ክንድ አይደለም። ስለዚህ የደከመ ስፕሪንግ ወይም ዘይት ያፈሰሰ ቴንሽነር ይቀየራል፤ በማጥበቅ አይካካስም። በዘይት ግፊት የሚሠራ ቴንሽነር ሲገዛ የተሰካው ፒን መኖሩን ይመልከቱ፤ ፒኑ የሚነቀለው ቺንጋው ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። ቺንጋው ላይ ድምፅ ለማጥፋት ተብሎ ዘይት፣ ግሪስም ሆነ ስፕሬይ አይነካ።

ተረት 8፦ «የእኔ መኪና ካቴና ስለሆነ አይመለከተኝም»

እውነታው፦ ቪትዝን የመሳሰሉ መኪኖች በእርግጥ በካቴና ነው የሚሠሩት፤ ቺንጋ ሊሸጥላቸው የሚሞክር ሰው ካለ ተሳስቷል። ካቴና ግን የሚኖረው በንጹሕ ዘይት ነው። ዘይት ሳይቀየር ከቆየ ካቴናው ይረዝማል፤ የፕላስቲክ መሪዎቹም ይበላሉ። ጠዋት ሲነሳ የሚያንኳኳ ሞተር ካለ ካቴናው ብቻውን አይቀየርም፤ ቴንሽነሩና መሪዎቹም አብረው ይታያሉ። ሕጉ ያው ነው።

እንግዲህ ወደ ሱቅ ሲሄዱ የሞተሩን ዓይነትና የሻንሲውን ቁጥር ጽፈው ይያዙ። ቺንጋውን፣ ቴንሽነሩን፣ አይድለሩንና ኦይል ሲሎቹን፣ ሞተሩ የሚጠይቅ ከሆነም ፓምፑን በአንድ ጊዜ ይግዙ። ደረሰኝ ይቀበሉ። ሥራው ሲያልቅ አሮጌዎቹን ዕቃዎች ከመካኒኩ ተረክበው ይዩአቸው፤ የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ክዳኑ ላይ ያስጽፉ።

ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃበት ጊዜ ይኖራል። ያኔ ግማሹን ቀይሮ ግማሹን መተው ቁጠባ ይመስላል፤ ግን ሞተሩን ለደካማው ዕቃ አሳልፎ መስጠት ነው። ከዚያ ይልቅ መኪናውን ከረጅም ጉዞ አሳርፎ፣ ገንዘቡ ሲሟላ ሥራውን ሙሉውን መሥራት ይሻላል። ቁልቁለት ላይ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም እገዛ ይደክማል፤ በመኪናው ውስጥ ደግሞ ቤተሰብና ተሳፋሪ አለ። ይህን ሥራ አሟልቶ መሥራት ለእነሱም ሲባል ነው።