ብራችሁ ከእግራችሁ አይቅደም

ባለፈው ታኅሣሥ ሸዋሮቢት፣ ቤተሰቦቼ ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጬ አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራየሁ። ማለቴ፣ የተከራየሁ መስሎኝ ነበር።

ሥራ ልጀምር የቀረኝ አንድ ሳምንት ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ «ስቱዲዮ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ 6 ሺህ ብር» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ሌሎቹ ለተመሳሳይ ቤት 9 እና 10 ሺህ ይጠይቃሉ። ፎቶው ያምራል፤ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል። ደወልኩ። ያነሳው ሰውዬ በጣም ትሑት ነው።

«ወንድሜ፣ ቤቱ የእህቴ ነው፤ እሷ ዱባይ ናት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ግን ዛሬ ከሰዓት ሦስት ሰው ሊያየው ይመጣል። የአንድ ወር ቀብድ ከላክህልኝ ለሌላ ሰው አላሳይም።»

ልልክ ስል ስልኬ ላይ የወጣው የተቀባይ ስም እሱ ከነገረኝ ስም ጋር አይገናኝም። ጠየቅሁት። «የባለቤቴ አካውንት ነው» አለኝ። እሺ ብዬ ላክሁ። ብሩ ወንድሜ ማሾ ሸጦ «ለመነሻ ይሁንህ» ብሎ የሰጠኝ ነው።

ቅዳሜ ላምበረት መናኸሪያ ሻንጣዬን ይዤ ወርጄ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ኔትወርክ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ብሎኩን ፈልጌ አገኘሁት። የጥበቃው አባት ሻንጣዬን አዩና «ልጄ፣ በዚህ ሳምንት አንተ ሁለተኛው ነህ» አሉኝ። ቤቱ ውስጥ ቤተሰብ ይኖራል። በሩን የከፈተችልኝ እናት ሕፃን አቅፋለች። ምን ልበላት? ይቅርታ ጠይቄ ወረድኩ።

አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ኢኮኖሚክስ መማሬ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው የማያውቅ ከሆነ ገበያው እንዴት እንደሚበላሽ አሳይቷል። ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ፈተናውን አለፍኩ፤ ቤት ስከራይ ወደቅሁ።

ሸዋሮቢት ላይ ለምን አይሸውዱኝም ነበር?

ሸዋሮቢት ላይ ቤት ስትፈልጉ ባለሱቁን ትጠይቃላችሁ፤ ጀበና ቡና የምታፈላዋን እህት ትጠይቃላችሁ። «እዚያ ግቢ አንድ ክፍል ተለቋል፣ ግን ውኃው በፈረቃ ነው» ትላችኋለች። ደላላው ያልሆነ ቤት ቢያሳየኝ ነገ አስፋልቱ ላይ ያገኘኛል፤ አጎቴም ያውቀዋል። ደላላውን ታማኝ የሚያደርገው ጨዋነቱ ብቻ አይደለም፤ መሸሻ ማጣቱም ጭምር ነው።

አዲስ አበባ ግን ከሸዋሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ደብረ ሲናን፣ ጣርማበርን፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ ቤት አይቶ መመለስ ቀንም ብርም ይበላል። እኛ ለመቆጠብ ብለን ሳናይ እንልካለን። ሰውዬው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ብሩ ደርሶ እኛ ሳንደርስ ያለችውን ጊዜ። «ሦስት ሰው ሊያየው ነው» የሚላችሁ ያቺ ጊዜ እንዳታመልጠው ነው።

መሄድ ካልቻላችሁ እግር ተበደሩ

የአክስት ልጅ፣ የዶርም ጓደኛ፣ የሰፈር ልጅ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው አታጡም። ሂድልኝ በሉት፤ የታክሲ ከፍላችሁም ቢሆን። ግን ቤቱን ገብቶ ማየት ብቻውን አይበቃም። ቤቱም ቁልፉም እውነት ሆኖ፣ የሚያሳየው ሰው ግን ራሱ ተከራይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያንኑ ክፍል ለሁለት ለሦስት ሰው አሳይቶ ከሁሉም ቅድሚያ ይቀበልና ይሰወራል። ስለዚህ የላካችሁት ሰው ጥበቃውን፣ የብሎክ ኮሚቴውን ወይም ጎረቤቱን «ይህ ቤት የማን ነው? የሚያከራየውስ ማነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የሚሄድ ሰው በፍጹም ከጠፋ በቀጥታ ቪዲዮ ጥሪ እዩ። የተቀዳ ቪዲዮ አትቀበሉ። «ቧንቧውን ክፈተው፣ በመስኮት ውጭውን አሳየኝ፣ አሁን ወጥተህ የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር አሳየኝ» በሉት። ፎቶውንም በጉግል ሌንስ ፈልጉት፤ የሌላ አገር ሆቴል ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ይህ ሁሉ ግን የእግርን ያህል አይሆንም።

ሦስቱ ስሞች ይግጠሙ

ቴሌብርም ሆነ የንግድ ባንክ መተግበሪያ ብር ከመላካችሁ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያችኋል። እኔ አይቼው ያለፍኩት ይህን ነው። በአከራዩ መታወቂያ ላይ ያለው ስም፣ በቤቱ ካርታ ወይም ውል ላይ ያለው ስም እና የአካውንቱ ስም አንድ መሆን አለበት። «ባለቤቷ ውጭ ናት» ማለት ሁልጊዜ ውሸት አይደለም፤ ባለቤታቸው ውጭ አገር ያሉ ቤቶች ስላሉ ነው ውሸቱም የሚታመነው። እንዲህ ከሆነ ውክልናውን ጠይቁ፤ አንብቡትም። ማከራየትና ኪራይ መቀበል እንደሚችል ተጽፏል ወይ?

ሕጉ ምን ይላል?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ስለዚህ «የስድስት ወር በካሽ አምጣ» ሲሏችሁ ቢያንስ ሕጉ ከእናንተ ጋር እንደሆነ እወቁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከግብር ለመሸሽ ብለው «ውል ምን ያደርጋል፣ እንተማመን» የሚሉ እውነተኛ አከራዮችም አሉ። አጭበርባሪ ናቸው ማለት አይደለም። ነገር ግን ነገ ጭቅጭቅ ቢነሳ እጁ ላይ ወረቀት የሌለው ተከራዩ ነው።

ከተበላችሁስ?

አትፈሩ፣ ቶሎ ደውሉ። ንግድ ባንክ 951፣ ቴሌብር 127 ነው። ከሰውዬው ጋር ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ሙሉውን ጽሑፍ፣ ስልክ ቁጥሩንና የተጠቃሚ ስሙን ስክሪንሾት አድርጉ፤ ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ከእናንተም ስልክ ጭምር ሊያጠፋው ይችላል። ከዚያ ከነደረሰኛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። እኔ አፍሬ ሁለት ቀን ቆይቼ ነው የደወልኩት። ያኔ ብሩ ወጥቶ አልቋል።

ለወንድሜ እስከ ጥምቀት አልነገርኩትም ነበር። ስነግረው አልተቆጣም። «እዚያ ሰው አልነበረህም እንዴ?» ብቻ ነው ያለኝ። ነበረኝ። አንድ ጓደኛዬ ከቱሉ ዲምቱ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ይኖራል። ላስቸግረው አልፈለግሁም ነበር።

ከወር በፊት ካራቆሬ ያለች የማውቃት ልጅ ደወለችልኝ። «አንድ ቤት አግኝቻለሁ፣ ቀብድ ልላክ ነው፤ ላስቸግርህ አልፈለግሁም፣ ግን ምን ይመስልሃል?» አለችኝ። «ቆይ፣ እንዳትልኪ» ብዬ በማግሥቱ ሄድኩላት። ቤቱ አለ፤ አከራይዋም እውነተኛ ናቸው። ጎረቤቶቹ ግን ውኃው አራተኛ ፎቅ እንደማይደርስ ነገሩኝ። ለልጅቷ ነገርኳት፤ ከአከራይዋ ጋር ተነጋግረው 1 ሺህ ብር ቀነሱላት። አሁን እዚያው ነው የምትኖረው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ያላችሁ የይፋት ልጆች፣ ከአገር ቤት «ቤት እይልኝ» ብለው ሲደውሉላችሁ እምቢ አትበሉ። እናንተም ቤት ፈላጊዎች፣ ማስቸገር አትፈሩ።