ውሳኔና ምክንያቱ
ምንጫቸው ለሁሉ ክፍት ከሆነ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ይቆማሉ፤ ሐሳቡ ያለምክንያት የተጣለበት ሰው ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። የአጸዳደቁ ግልጽነት እንግዲህ የህልውና ጥያቄ ነው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ዐቢይ ለውጥ የሚሻ ሁሉ ሐሳቡን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያቀርባል፤ ውድቅ የተደረገውም ሰነድ ለአንባቢ ተጠብቆ ይኖራል። የመጨረሻው ቃል ግን የመሥራቹ የጊዶ ቫን ሮሱም ነበር። እሳቸውም በ2018 ቁጥር 572 የተሰጠውን ሐሳብ ካጸደቁ በኋላ በክርክሩ ተማርረው ከኃላፊነታቸው ወረዱ። ከ2019 ወዲህ በምርጫ የሚሰየም አምስት አባላት ያሉት ጉባኤ ይወስናል። ከዚህም ግልጽነት ማለት ሁሉም ይወስናል ማለት ሳይሆን፣ ማን፣ በማን ውክልናና በምን ምክንያት እንደወሰነ ለሁሉም መታወቁ መሆኑን እንገነዘባለን።