ከፍተኛ ዕድገት እኩል የገቢ ክፍፍልን አያረጋግጥም

የኢኮኖሚ ዕድገት ሲመዘገብ የሁሉም ቤተሰብ ገቢ በእኩል ያድጋል ማለት እንዳልሆነ የአገሪቱ የኑሮ ደረጃ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ2003 ዓ.ም ከነበረበት 29.6 በመቶ በ2008 ዓ.ም ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። ይሁንና በከተሞች ከ25.7 ወደ 14.8 በመቶ ሲቀንስ በገጠር የቀነሰው ከ30.4 ወደ 25.6 በመቶ ብቻ ነው። ዜሮ ሲሆን ፍጹም እኩልነትን የሚያሳየው የጂኒ መለኪያም በዚሁ ጊዜ ከ0.298 ወደ 0.328 ከፍ ብሏል።

ልዩነቱ በበለጸጉ አገሮችም ይታያል። አሜሪካና ዴንማርክ ሁለቱም ሀብታም ቢሆኑም የገቢ ጂኒያቸው በቅደም ተከተል 0.4 እና 0.28 አካባቢ ነው። ዴንማርክ በታክስና በማኅበራዊ ድጋፍ አማካይነት የምታከፋፍለው ድርሻ ከፍ ያለ መሆኑ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። የኢትዮጵያው መለኪያ በፍጆታ የሚሰላ በመሆኑ ግን ከእነዚህ ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም።

በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም፣ በከሚሴ በአዲስ አበባ - ደሴ መንገድ ዳር የሚሠራ ነጋዴና ዝናብ ጠብቆ ማሽላ የሚያመርት አርሶ አደር በአንድ አማካይ ይጠቃለላሉ። ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት የነጋዴው ገቢ የአርሶ አደሩን ጉድለት በሪፖርቱ ላይ ሊሸፍነው ይችላል። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎችን በወረዳ አማካይ ሳይሆን በየቤተሰቡ ጥሪትና የምግብ ክፍተት የሚለየውም በዚሁ ምክንያት ነው።