ሙቀትን ከብርድ ውስጥ ስለ መሳብ

ለሰው ልጅ ኑሮ እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት ነገሮች ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ዋናዎቹ መሆናቸው በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ብርዱ በሚበረታበት አገር መጠለያ ማለት ጣራና ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ከጣራው በታች ያለው ሙቀት ጭምር ነው። ሙቀት የሌለበት ቤት በበረዶው ወራት ለሕፃን፣ ለሽማግሌና ለታመመ ሰው መጠጊያ መሆኑ ቀርቶ የበሽታ ምክንያት ይሆናል። ዛሬ ከወገኖቻችን ብዙዎች በስዊድንና በኖርዌይ፣ በጀርመንና በእንግሊዝ አገር፣ በአሜሪካም በሰሜኑ ክፍል ቤት ይዘው ስለሚኖሩ፣ ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን የወንድሞቻችንና የእኅቶቻችን የዕለት ኑሮ ሆኗል። ስለዚህ በእነዚያ አገሮች የአሮጌውን ምድጃ ስፍራ እየተካ ስላለው፣ ሂት ፓምፕ ስለሚባለው መሣሪያ፣ አመራረጡና አተካከሉም እንዴት ሊሆን እንደሚገባ ጥቂት ለመናገር አሰብን።

ሰው ለብዙ ሺህ ዓመታት ቤቱን ሲያሞቅ የኖረው አንድ ነገር በማቃጠል ነው። በመጀመሪያ እንጨት፣ ቀጥሎ የድንጋይ ከሰል፣ ከዚያም ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ተራ በተራ የምድጃ ቀለብ ሆኑ። የሚቃጠል ነገር ሁሉ ግን ሁለት ዕዳ አለበት፤ አንደኛው ጭሱ ነው፤ ሁለተኛውም ዋጋው በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው። በ1973 ዓመት፣ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሣው ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ዘይት ዋጋ በድንገት በናረ ጊዜ፣ ቤቶቿን በዘይት ታሞቅ የነበረችው ስዊድን ትምህርት አግኝታ ሌላ መንገድ መፈለግ ጀመረች። ኖርዌይም ሕንፃን በነዳጅ ዘይት ማሞቅን ከ2020 ጀምሮ በሕግ ከለከለች። በ2022 ደግሞ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ጊዜ የጋዝ ዋጋ በአውሮፓ ሰማይ ስለ ነካ፣ ይህን ነገር ችላ ብለውት የነበሩት ሁሉ እንዲያስቡበት ግድ ሆነባቸው።

ይህ ሂት ፓምፕ የተባለው መሣሪያ በቋንቋችን ሙቀት መሳቢያ ቢባል የሚስማማው ይመስለናል። ውሃ በተፈጥሮው ከከፍታ ወደ ዝቅታ እንደሚወርድ፣ ሙቀትም ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። ውሃን ከጕድጓድ ለማውጣት ገመድና ጕልበት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ሙቀትንም ከቀዝቃዛው ደጅ ወደ ሞቀው ቤት ለማምጣት ጕልበት ያስፈልጋል። መሣሪያው ሙቀትን አይፈጥርም፤ ይቀዳል እንጂ። «በበረዶ መካከል ምን ሙቀት አለና ይቀዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ እንዲህ ነው፤ ሙቀት ፈጽሞ የማይገኝበት ደረጃ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሆነ አየር ለእጃችን የሚቈነጥጥ ብርድ ቢሆንም፣ በውስጡ ገና ብዙ ሙቀት ይዟል።

አሠራሩም በየቤቱ ካለው ፍሪጅ የተለየ አይደለም። ፍሪጅ ከሆዱ ሙቀቱን አውጥቶ በጀርባው በኩል ይጥለዋል፤ ሙቀት መሳቢያውም ከደጅ ወስዶ በቤት ውስጥ ይጥለዋል። በቧንቧው ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ በብርድም ቢሆን የሚፈላ ነው፤ ለምሳሌ ፕሮፔን የተባለው ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ ይፈላል። ይህ ፈሳሽ ከደጅ ሙቀት ተቀብሎ ይተንናል፤ ትነቱን ኮምፕሬሰር የተባለው መጭመቂያ ሲጨምቀው ይግላል፤ የጋለውም ትነት ሙቀቱን ለቤቱ ውሃ ወይም አየር ሰጥቶ እንደ ገና ፈሳሽ ይሆናል፤ በመጨረሻም በጠባብ መተላለፊያ አልፎ ግፊቱ ሲላላ ይቀዘቅዝና ወደ ደጅ ይመለሳል።

ነገሩ አዲስ ጥበብ አይደለም። ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሊቅ ዊልያም ቶምሰን በ1852 ሐሳቡን ገለጠ። በ1856 ሪቲንገር የተባለ የኦስትሪያ መሐንዲስ በዚሁ ዘዴ የጨው ውሃን ለማትነን ሞከረ። በ1938 የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንፃ ከሊማት ወንዝ በተሳበ ሙቀት እንዲሞቅ ተደረገ። እንግዲህ ሳይፈተን የመጣ ነው ብሎ መፍራት አይገባም፤ ሳይመረምሩ መግዛት ግን ያስፈራል።

ጥቅሙ በቍጥር ሲታይ ይህ ነው። አንድ ቤት በዓመት 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያስፈልገዋል እንበል። በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሆነ እንደ ሆነ 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይከፈልበታል። አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ወስዶ ሦስት እጅ ሙቀት የሚሰጥ ሙቀት መሳቢያ ቢሆን ግን 4,000 ብቻ ይበቃዋል። ነገር ግን ከጋዝ ጋር በተነጻጸረ ጊዜ ሒሳቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያው ቤት ከመቶ 90 እጅ በሚሠራ የጋዝ ቦይለር ቢሞቅ 13,300 ያህል ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ ይፈጃል። ኤሌክትሪክ ከጋዝ አራት እጥፍ በሚወደድበት አገር 4,000 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ የ16,000 ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ ዋጋ ስለሚያወጣ ባለቤቱ ይከስራል። መሣሪያው በደንብ ተተክሎ አራት እጅ ሙቀት ቢሰጥ ግን 3,000 ብቻ ስለሚፈጅ፣ ይህም የ12,000 ጋዝ ዋጋ ስለ ሆነ፣ ይተርፈዋል። በሦስትና በአራት መካከል ያለው ልዩነት የትርፍና የኪሳራ ወሰን ነው፤ ይህንንም ከመሣሪያው ስም ይልቅ የአተካከሉ ሥራ ይወስነዋል።

ስለ ምርጫው ስንናገር፣ ፊተኛው ነገር መሣሪያው ሳይሆን ቤቱ ነው። በጣራው፣ በመስኮቱና በበሩ ሥር ሙቀቱ የሚያመልጥበት ቤት በተቀደደ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ስለዚህ ጣራውን በሙቀት ከልካይ መሸፈን፣ ነፋስ የሚገባበትንም ቀዳዳ መድፈን መቅደም አለበት፤ ይህ ከተደረገ በኋላ የሚበቃው መሣሪያ አነስተኛ፣ ዋጋውም ቀላል ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ዓይነቱን መለየት ነው። ከአየር ስቦ አየር የሚያሞቀው ዋጋው ዝቅተኛ፣ አተካከሉም ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የመታጠቢያ ውሃ አያሞቅም፤ በር የተዘጋባቸውንም ክፍሎች በሚገባ አያዳርስም። ከአየር ስቦ ውሃ የሚያሞቀው ራዲያተር ላለው ቤት ይስማማል። ከምድር የሚስበው ደግሞ፣ ምድር በጥልቀቷ በጋና ክረምት ሳይለይ አንድ ዓይነት ሙቀት ስለምትይዝ፣ በብርቱ ብርድ ቀን ከሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ጕድጓድ ማስቈፈር ወይም ሰፊ ግቢ ማረስ ስለሚያስፈልገው ወጪው ከባድ ነው። በጋራ ሕንፃ ውስጥ የሚኖርም ሰው፣ የባለቤቱን ወይም የማኅበሩን ፈቃድ ሳያገኝ ከደጅ አንዳች እንዳይሰቅል ይጠንቀቅ።

ሦስተኛው ነገር ልኩ ነው። አባቶቻችን መጥኖ መደቆስ እንዳሉት፣ እዚህም መመጠን ይቀድማል። መሣሪያው ካነሰ በብርቱ ብርድ ቀን ቤቱ አይሞቅም፤ ከበዛ ደግሞ በየጊዜው እየተነሣና እየቆመ ኤሌክትሪክ ያባክናል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ልኩ የሚታወቀው የቤቱን ስፋት በዓይን በመገመት ወይም የአሮጌውን ቦይለር ቍጥር በመገልበጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍል በብርቱ ብርድ ቀን ምን ያህል ሙቀት እንደሚያጣ በማስላት ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ሳይለካ፣ መስኮቱንም ሳይቈጥር ዋጋ የሚነግር ነጋዴ ከደጅ ቢመለስ ይሻላል።

አራተኛው ነገር የውሃው ሙቀት ነው። ጕድጓዱ በጠለቀ ቍጥር ቀጂው እንደሚደክም፣ በደጁና በውሃው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በሰፋ ቍጥር መሣሪያው ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። የጋዝ ቦይለር ውሃውን እስከ 70 ዲግሪ አሙቆ በትንንሽ ራዲያተር ሊያዞር ይችላል፤ ሙቀት መሳቢያ ግን ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ቢሠራ ነው ጥቅሙ የሚገለጠው። ስለዚህ በወለል ሥር የተዘረጋ ቧንቧ፣ ወይም ሰፋ ያለ ራዲያተር ያስፈልገዋል። የመታጠቢያው ውሃ ግን በገንዳው ውስጥ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን እንዳይራቡበት በየጊዜው እስከ 60 ዲግሪ ሊሞቅ ይገባዋል።

አምስተኛው ነገር የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። የደጁ ክፍል ድምፅ ስላለው ከጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ሊርቅ ይገባል፤ ለአንድ መሣሪያ ሲባል የጕርብትና ፍቅር መፍረስ የለበትም። በረዶ እንዳይቀብረው ከመሬት ከፍ ይበል፤ ነፋስ በነጻ እንዲያልፍበትም ዙሪያው ክፍት ይሁን። በብርድ ቀን በላዩ የሚጋገረውን በረዶ ራሱ እያቀለጠ ስለሚጥል፣ በዚያን ጊዜ እንደ ጭስ ያለ እንፋሎት ቢታይ ተበላሸ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ነገር ግን የሚንጠባጠበው ውሃ በመተላለፊያ ላይ ረግቶ ሰው እንዳያንሸራትት መፍሰሻ ይበጅለት። ፕሮፔን ያለበት እንደ ሆነም፣ ይህ ጋዝ አየር ንብረትን የማይጐዳ ቢሆንም ተቀጣጣይ ስለ ሆነ፣ ፈቃድ ከሌለው ሠራተኛ በቀር ማንም እንዳይነካው ያስፈልጋል።

ከዚህም ሌላ የመንግሥት እርዳታ ያለበትን አገር ሕግ መመርመር ይገባል። የእንግሊዝ መንግሥት በእንግላንድና በዌልስ ለአንድ ቤት የሚሰጠውን እርዳታ በ2023 ወደ 7,500 ፓውንድ ከፍ አደረገው፤ በአሜሪካ ግን እስከ 2,000 ዶላር የሚደርሰው የፌዴራል የግብር ቅናሽ በ2025 መጨረሻ ቀርቷል። እንግዲህ እርዳታ የሚሰጥም የሚቀርም ነገር ስለ ሆነ፣ አምና የሰማውን ተስፋ አድርጎ ዘንድሮ ውል የሚፈርም ሰው ዕዳ ይወድቅበታል። በውሉም ውስጥ የሙቀቱ ስሌት፣ የውሃው ዲግሪ፣ የዋስትናው ዘመንና በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራ በግልጽ ይጻፍ። ከተተከለም በኋላ እንደ ምድጃ ሌሊት አጥፍቶ ጠዋት ማቀጣጠል ሳይሆን፣ በዝግታ ሳያቋርጥ እንዲሠራ መተው ይበጃል። በውስጡ ያለው ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለ ምክንያት እንዳይሠራም ቈጣሪውን መከታተል የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ወደ አገራችን የተመለስን እንደ ሆነ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም ብርዷ ቤትን በመሣሪያ እስከ ማሞቅ የሚያደርስ አይደለም። የመታጠቢያ ውሃ ግን በየቤቱ በኤሌክትሪክ ቦይለር ይሞቃል። ይህንኑ ውሃ በሙቀት መሳቢያ ማሞቅ ቢለመድ፣ ያው ውሃ በግማሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ኤሌክትሪክ ይሞቅ ነበር። በእርግጥ በከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ መሣሪያው የሚስበው ሙቀት ይቀንሳል፤ መሐንዲሶች ሲመጥኑ ይህን ሊያስቡበት ይገባል። በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ብርሃን ብዙ ለሚጠብቁ የገጠር ቤቶች እንዲደርስ፣ በከተማ የሚባክነውን ኤሌክትሪክ መቈጠብ እንደ ሌላ ግድብ መሥራት ይቈጠራል።

በጠቅላላው ይህ መሣሪያ ለመጠነው ሰው ባለውለታ፣ ለቸኮለ ሰው ግን ዕዳ ነው። በስደት አገር በሌሊት ሥራ ላብን አፍስሶ የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ቀን ችኮላ እንዳይጠፋ፣ ልጆችም በበረዶው ወራት ካፖርት ለብሰው በቤታቸው እንዳይቀመጡ፣ ወገኖቻችን ከመግዛታቸው በፊት ይጠይቁ፤ ያወቁትም ላላወቁት ይንገሩ። ዕውቀት እንደ ሙቀት ነው፤ ካለበት ስፍራ ወደ ሌለበት ቢተላለፍ ቤቱን ሁሉ ያሞቃልና።