ከባትላሜራ በኋላ የሚታይ ጭረትና ጭጋግ፦ በአማኑኤልና አካባቢው ደጋማ አየር የመኪና ቀለምን ለይቶ ማለስለስ

መግቢያ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው አማኑኤል ከተማ በመስመሩ የሚመላለሱ ሚኒባሶችና የጭነት መኪኖች የሚያልፉባት ናት። በዚህ መንገድ የሚሠራ ተሽከርካሪ ፓራፋንጎው ወይም ስፖርቴሎው ተጋጭቶ ለጥገና ሲገባ፣ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ጉዳቱ እንዳይታወቅና መኪናው በቶሎ ወደ ሥራ እንዲመለስ። እነዚህ ሁለት ፍላጎቶች እርስ በርስ የሚጋጩበት ቦታ የቀለሙ የመጨረሻ ደረጃ ነው። በጋራዡ ጥላ ሥር መስታወት መስሎ የታየው ኮፈን፣ ከቀናት በኋላ ፀሐይ ላይ ሲቆም የሸረሪት ድር የሚመስል ጭረት ወይም ወተት የመሰለ ጭጋግ ያወጣል። ባለሙያው ደግሞ ያለሰልሰዋል፤ ጉድለቱም ጠፍቶ እንደገና ይመጣል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ የዚህ ምልልስ ምክንያት በአብዛኛው የእጅ ሙያ ማነስ ሳይሆን መነሻቸው የተለያየ ጉድለቶችን በአንድ መድኃኒት ለማከም መሞከር ነው የሚል ነው። እያንዳንዱ ማለስለስ ከቀለሙ ላይ የማይተካ ውፍረት ስለሚወስድ፣ ስህተቱ በመጨረሻ የሚከፈለው በሁለተኛ ቅብ ነው።

የጉድለቶቹ ምንነት

ከጥገና በኋላ ያለ የመኪና አካል ከታች ወደ ላይ ሲታይ ቆርቆሮ፣ እንደየቦታው ስቱኮ፣ ፕራይመር፣ ቀለምና ግልጽ የላይኛው ሽፋን (ክሊር) ይደራረቡበታል። ክሊሩ በተለመደው አሠራር ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ይወፍራል፤ ይህም ከአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ብዙም የማይበልጥ፣ አንዳንዴም የሚያንስ ነው። የመኪናው አንጸባራቂነት የሚመነጨው ከዚህ ሽፋን ገጽ ልስላሴ ነው። ገጹ ለስላሳ ሲሆን ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል፤ ሲጫጫር ወይም ሲሻክር ግን ይበተናል።

ሽክርክሪት መስሎ የሚታየው ጭረት አብዛኛውን ጊዜ በእውነት ክብ አይደለም። ጥቃቅን ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው፤ ነገር ግን ብርሃኑን ወደ ተመልካቹ ዐይን የሚመልሱት በፀሐዩ ነጸብራቅ ዙሪያ እንደ ቀለበት አቅጣጫ የያዙት ብቻ በመሆናቸው ድር ሆነው ይታያሉ። ተመልካቹ ሲንቀሳቀስ ድሩም አብሮት ይንቀሳቀሳል። በአንድ ዘንግ ብቻ የሚሽከረከር የማለስለሻ ማሽን የሚተወው ምልክት ግን የማሽኑን መንገድ ተከትሎ በወጥ አቅጣጫ ስለሚሰመር፣ ብርሃኑ ሲዞር እንደ ጥላ ይወራጫል።

ጭጋግ ደግሞ ቢያንስ ሦስት መነሻ አለው። አንደኛው በዐይን ተለይቶ የማይታይ እጅግ ጥቃቅን ጭረት ነው፤ ሻካራ ኮምፓውንድ ከተጠቀሙ በኋላ በለስላሳ ፖሊሽ ሳይጨርሱ ሲቀር ይፈጠራል። ሁለተኛው በሽፋኑ ውስጥ ታምቆ የቀረ ቲነር ነው፤ ቲነሩ ቀስ በቀስ ሲወጣ ሽፋኑ ይኮማተርና ከሥሩ ያሉትን የብርጭቆ ወረቀትና የስቱኮ ምልክቶች ያወጣል፤ ድምቀቱም ይወርዳል። ሦስተኛው እርጥበት ነው፤ ቲነር በፍጥነት ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዝ፣ እርጥብ አየር ባለበት ጊዜ ጤዛ በቀለሙ ላይ ያርፍና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከሦስቱ ወዲያውኑ በማለስለስ የሚድነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ይፈልጋል። ሦስተኛው ከገጹ ካልዘለቀ ሽፋኑ ከጠነከረ በኋላ ይለሰልሳል፤ ከዘለቀ ግን ዳግም መቀባት ግድ ይላል።

የደጋው አየር ድርሻ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አማኑኤልም በዚያው ደጋ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ግፊቱ ሲቀንስ የቲነር ትነት ይፈጥናል። በሁለት ንጥረ ነገሮች ቅልቅል የሚጠነክረው ክሊር ግን ትነት ብቻ አይበቃውም፤ ሙጫው ከማጠንከሪያው ኢሶሳያኔት ጋር በኬሚካላዊ አጸፋ መተሳሰር አለበት። ይህ አጸፋ በቅዝቃዜ ይዘገያል። በግምታዊ ደንብ የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲወርድ የአጸፋው ፍጥነት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በአምራቾች መመሪያ ላይ የሚጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ብዙውን ጊዜ 20 ዲግሪን መነሻ ያደርጋል፤ የጎጃም ደጋ ሌሊት ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ የላይኛው ገጽ ቶሎ ሲቆዳ ውስጡ ሳይጠነክር ይቆያል። በጣት ሲነካ የማይጣበቅ ቀለም «ደርቋል» ቢባልም መጠንከሩን አያረጋግጥም። ክረምት ሲገባ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ኢሶሳያኔት ከውኃ ጋርም ስለሚዋሃድ እርጥበት ከማጠንከሪያው ይሻማል፣ በሂደቱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ለናይትሮ ቀለም የተዘጋጀ ቲነር በዚህ ዓይነቱ ክሊር ላይ ሲጨመርም ተመሳሳይ ጉዳት ይደርሳል፤ በውስጡ የሚገኘው አልኮል ማጠንከሪያውን ያባክነዋል። ወጪና ጊዜ ለመቆጠብ የተወሰደው እርምጃ እንዲህ ሆኖ ወደ ጭጋግ ይለወጣል።

ለይቶ ማወቅ

ማሽን ከማንሳት በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ጉድለቱ በገጹ ላይ ነው ወይስ በውስጡ የሚለው ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመጀመሪያ ገጹ በንጹሕ ውኃና ሳሙና ይታጠባል፤ ቀጥሎ በውኃ በተበረዘ አልኮል ይጠረጋል። ብዙ የማስዋቢያ ቅባቶች ጭረቱን ሳያስወግዱ በዘይትና በሰም ስለሚሞሉት፣ ይህ ጠረጋ የተደበቀውን ያወጣዋል። ገና ባልጠነከረ ቀለም ላይ ግን አልኮሉ ራሱ ጉዳት ስለሚያደርስ በማይታይ ጥግ ላይ መሞከር ይቀድማል። ከዚያም በጨለማ ቦታ በአንድ አምፖል ብርሃን ገጹን ከተለያየ አቅጣጫ መመልከት ይገባል። የቲነር ሽታ ካለ፣ ወይም በማይታይ ጥግ ላይ ጥፍር ሲጫን ምልክት ከቀረ፣ ሽፋኑ ለማለስለስ አልደረሰም። በመጨረሻም የመዳፍ ስፋት ያህል ቦታ ብቻ ለስልሶ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይታያል፤ ጭጋጉ ከተመለሰ መነሻው ከውስጥ ነው።

የቀለም ውፍረት መለኪያ ላለው ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የተለመደው መለኪያ ከቆርቆሮው በላይ ያለውን ሁሉ ደምሮ ስለሚያሳይ፣ ስቱኮ ባለበት ቦታ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮን ሊያነብ ይችላል። ይህ ቁጥር ክሊሩ ወፍራም ነው ማለት አይደለም። በጥገና ላይ ባለ አካል መለኪያውን አምኖ በብርቱ መፋቅ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው።

የማለስለስ ቅደም ተከተል

መሠረታዊው መርሕ ከለስላሳው መጀመርና ካልበቃ ብቻ ወደ ሻካራው መሄድ ነው። በፒ 1500 ብርጭቆ ወረቀት ላይ ያለው ብናኝ በአማካይ 12.6 ማይክሮን፣ በፒ 2000 ደግሞ 10.3 ማይክሮን መጠን አለው። ጭረቱ የብናኙን ሙሉ መጠን ያህል ባይጠልቅም፣ ከ50 ማይክሮን ሽፋን አንጻር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ወረቀት የሚያስፈልገው አቧራ ለተጣበቀበት ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ለጎረበጠ ቦታ ብቻ ነው፤ ለሽክርክሪት ጭረት ኮምፓውንድና ፖሊሽ ይበቃሉ። ወረቀት ከተነካ በውኃ እየራሰ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ደረጃም የቀደመውን ጭረት ሙሉ በሙሉ ሳያጠፋ ወደሚቀጥለው አይታለፍም።

በአንድ ዘንግ የሚዞረው ማሽን በፍጥነት ይቆርጣል፤ ነገር ግን ሙቀት ያከማቻል፣ ምልክትም ይተዋል። እየዞረ ዛቢያውን የሚለዋውጠው ማሽን ዘገምተኛ ቢሆንም ወጥ አቅጣጫ ያለው ጭረት አይተውም። የመጀመሪያው ብቻ ያለው ጋራዥ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በለስላሳ ስፖንጅና በጥቂት ፖሊሽ መጨረስ አለበት። በኮፈንና በስፖርቴሎ ጠርዝ ላይ ቀለም ስለሚሳሳ ጠርዙን በወረቀት ቴፕ መሸፈን ከመቃጠል ያድናል። ለኮምፓውንድ ያገለገለ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ለፖሊሽ አይውልም፤ የቀረበት አንድ ሻካራ ብናኝ የቀኑን ልፋት ያበላሻል። ተመሳሳይ ጥንቃቄ በላቫጆም ያስፈልጋል፤ አቧራው በውኃ ሳይወርድ በደረቅ ጨርቅ የተጠረገ መኪና አዲስ ጭረት ይዞ ይወጣል።

ሙያተኛውም ሊታሰብለት ይገባል። ኢሶሳያኔት ያለበት ቅብ ሲረጭ ተገቢ የመተንፈሻ መከላከያ ካልተደረገ ለሥራ ወለድ አስም ይዳርጋል፤ ተራ የጨርቅ ጭንብል ይህን አያስቀርም።

ማጠቃለያ

ባለቤቱ መኪናው በቆመ ቁጥር የቀን ገቢውን ስለሚያጣ፣ «ጠብቅ» የሚለው ምክር ብቻውን ሰሚ አያገኝም። የሚያዋጣው መንገድ ርክክቡን በሁለት መክፈል ነው። መኪናው ቀለሙ ለአገልግሎት ሲጠነክር፣ ሰም ሳይቀባ፣ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለግማሽ ቀን ተመልሶ አንድ ጊዜ ብቻ ይለሰልሳል። የዋጋ ስምምነቱ ሁለተኛውን ቀጠሮ ከመጀመሪያው ካካተተ ባለሙያው የሚደብቀው፣ ባለቤቱም የሚጠረጥረው ነገር አይኖርም። በበጋ ወራት የተቀባውን አካል በቀትር ፀሐይ ማሞቅና ሌሊት በቤት ውስጥ ማቆየት የጥበቃውን ጊዜ ያሳጥራል፤ ማለስለሱ ግን ገጹ ከቀዘቀዘ በኋላ መሆን አለበት።

የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀለሙን ከዚህ ጨረር የሚከላከለው ያው ክሊር ነው። በአማኑኤል ደጋ ላይ ሳያስፈልግ የተፋቀ ማይክሮን፣ ዛሬ ባይታይም፣ ነገ ቀለሙ ሲነጣና ሲላጥ ይቆጠራል።