አነስተኛ የሮቦት ክንድ በቤት ውስጥ ስለመገጣጠምና ፕሮግራም ስለማድረግ

ለመማሪያነት የሚቀርቡ አነስተኛ የሮቦት ክንድ መገጣጠሚያ ኪቶች ተማሪዎችና የቴክኖሎጂ ዝንባሌ ያላቸው ዜጎች የመካኒክስ፣ የኤሌክትሮኒክስና የፕሮግራሚንግ ዕውቀትን በአንድ ሥራ አጣምረው እንዲለማመዱ ያስችላሉ። ይሁን እንጂ ጀማሪዎች ክንዱ ሲንቀጠቀጥ፣ በድንገት ሲቆም ወይም ሞተሩ ሲቃጠል ስህተቱን በፕሮግራሙ ውስጥ ሲፈልጉ ይስተዋላል። መንስኤው ግን ብዙውን ጊዜ ከፕሮግራሙ በፊት በሚከናወኑ ሁለት ሥራዎች ላይ ይገኛል፤ እነዚህም የኃይል አቅርቦቱና የሞተሮቹ መነሻ አቀማመጥ ናቸው። ይህ ማብራሪያ ገንዘብዎንና ጊዜዎን ሳያባክኑ፣ ለቤተሰብዎም ደኅንነት ተጠንቅቀው ሥራውን እንዲያከናውኑ ለመርዳት የቀረበ ነው።

የሮቦት ክንድ እንዴት ይሠራል?

በኢንዱስትሪ ውስጥ በማምረት ሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያው የሮቦት ክንድ ዩኒሜት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት በሚገኝ የጄነራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ጀምሯል። በቤት ውስጥ የሚገጣጠመው ክንድ በመጠንና በጉልበት እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ እርሱም አስቀድሞ የተመዘገበለትን የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል በመገጣጠሚያዎቹ አማካይነት ይፈጽማል።

አነስተኛ ኪቶች በአብዛኛው አራት ሰርቮ ሞተሮች አሏቸው። የመጀመሪያው ክንዱን በመቀመጫው ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ሁለተኛው ትከሻውን፣ ሦስተኛው ክርኑን ያንቀሳቅሳል፤ አራተኛው ዕቃ የሚይዘውን መቆንጠጫ ይከፍታል፣ ይዘጋልም።

ሰርቮ ሞተር ከተራ ሞተር የሚለየው የዘንጉን አቅጣጫ የሚለካ አካል በውስጡ ስላለው ነው። መቆጣጠሪያ ቦርዱ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አጭር የኤሌክትሪክ ምልክት ይልክለታል። የምልክቱ ቆይታ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲሆን ዘንጉ መሃል ላይ፣ ማለትም በ90 ዲግሪ ይቆማል፤ ቆይታው ሲያጥር ወደ አንዱ፣ ሲረዝም ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ይዞራል።

ከመግዛትዎ በፊት

ክንዱ ምን ያህል ክብደት እንዲያነሳ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይወስኑ። በአነስተኛ ኪቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኤስ.ጂ.90 የተሰኘው ሞተር 9 ግራም ያህል ይመዝናል። በአምራቾች መግለጫ መሠረት በ4.8 ቮልት ሲሠራ ከዘንጉ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ እስከ 1.8 ኪሎ ግራም ይቋቋማል። ርቀቱ ሲጨምር አቅሙ በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ 180 ግራም ብቻ ይሆናል። ከዚህም የክንዱ የራሱ ክብደት ይቀነሳል። በመሆኑም እንዲህ ያለው ክንድ ላጲስ ወይም የክብሪት ሣጥን እንጂ የውኃ ጠርሙስ ለማንሳት አያገለግልም።

የኃይል አቅርቦት

አርዱዪኖ ኡኖን የመሰለ መቆጣጠሪያ ቦርድ ለሞተሮች ትእዛዝ ለመስጠት እንጂ ኃይል ለመመገብ የተሠራ አይደለም። ከኮምፒውተር ዩ.ኤስ.ቢ 2.0 ማስገቢያ የሚገኘው ኃይል 500 ሚሊ አምፔር ሲሆን፣ አንድ ኤስ.ጂ.90 ሞተር ጭነት ከብዶት ሲቆም ብቻውን ከዚህ በላይ ሊስብ ይችላል። አራት ሞተሮች በአንድ ጊዜ ሲነሱ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ቦርዱም ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ፕሮግራሙ የተሳሳተ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለሆነም ለአራት አነስተኛ ሞተሮች 5 ቮልትና ቢያንስ 3 አምፔር የሚሰጥ የተለየ የኃይል ምንጭ ይጠቀሙ። በኤስ.ጂ.90 ሞተር ላይ ቡናማው ሽቦ ኔጋቲቭ፣ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ብርቱካናማው የትእዛዝ መስመር ነው። የኃይል ምንጩ ኔጋቲቭና የቦርዱ ኔጋቲቭ መገናኘት አለባቸው፤ ካልተገናኙ ሞተሩ የሚላክለትን ምልክት በትክክል አይለይም። የ9 ወይም የ12 ቮልት ምንጭ ከእነዚህ ሞተሮች ጋር በቀጥታ ማገናኘት ያቃጥላቸዋል።

የመገጣጠም ቅደም ተከተል

1. ክፍሎቹን ከኪቱ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። ከአክሪሊክ የተሠሩ ከሆነ የተለጠፈባቸውን መከላከያ ወረቀት ይላጡ።
2. እያንዳንዱን ሞተር ለብቻው አገናኝተው በ90 ዲግሪ እንዲቆም ይዘዙት። በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚገባውን ፕላስቲክ የሚገጥሙት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ይህ ካልተደረገ ሞተሩ ክንዱ ሊደርስበት ወደማይችል አቅጣጫ እየገፋ ይቆያል፤ ይሞቃል፤ የፕላስቲክ ማርሹም ይሰበራል።
3. ቡሎኖችን በካቻቢቴ ሲያስሩ ከመጠን በላይ አያጥብቁ፤ አክሪሊክ በቀላሉ ይሰነጠቃል። የሚታጠፉት መገጣጠሚያዎች ሞተሩ ከመገናኘቱ በፊት በእጅ ሲነኩ ሳይጎረብጡ መንቀሳቀስ ይኖርባቸዋል።
4. ክንዱ ሲዘረጋ እንዳይገለበጥ መቀመጫውን በጣውላ ላይ ይሰሩት።

ፕሮግራም ማድረግ

የአርዱዪኖ ፕሮግራም መጻፊያ ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ሰርቮ ሞተሮችን ለማዘዝ የሚያገለግል የተዘጋጀ ቤተ መጻሕፍት አለው። በመጀመሪያ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጥቂት ዲግሪዎች እያንቀሳቀሱ ሳይጋጭ የሚደርስበትን ዝቅተኛና ከፍተኛ ዲግሪ መዝግበው ይያዙ። ፕሮግራሙ ከእነዚህ ወሰኖች ውጭ ያለ ትእዛዝ እንዳይልክ ያድርጉ።

ቀጥሎ እንቅስቃሴውን ያዝግሙ። ሞተሩ በአንድ ትእዛዝ 90 ዲግሪ እንዲዞር ከማድረግ ይልቅ 1 ዲግሪ ተንቀሳቅሶ 15 ሚሊ ሰከንድ እንዲቆይ ቢታዘዝ፣ ጉዞውን በ1.35 ሰከንድ ያህል ያለ ንቅናቄ ያጠናቅቃል። ከዚህ በኋላ መቆንጠጫውን መክፈት፣ ክንዱን ዝቅ ማድረግ፣ ዕቃውን መያዝ፣ ማንሳት፣ ማዞርና መልቀቅ የሚሉትን ተግባራት በቅደም ተከተል መጻፍ ይቻላል።

እነዚህ ሞተሮች ያሉበትን አቅጣጫ ለቦርዱ መልሰው እንደማያሳውቁ ልብ ይበሉ። በመሆኑም ክንዱ ኃይል ሲያገኝ በድንገት ይዘላል። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ክንዱን ወደ መነሻ አቀማመጥ መልሶ እንዲያበቃ ቢደረግ ይህ ችግር ይቀንሳል።

የደኅንነት ጥንቃቄዎች

• ሽቦ ከመነካካትዎ በፊት የኃይል ምንጩን ይንቀሉ። 220 ቮልት የሚገባበትን የኃይል ምንጭ ሣጥን አይክፈቱ።
• መብራት ሲጠፋ ክንዱን ከሶኬት ነቅለው ያቆዩ፤ ኃይሉ ሲመለስ ማንም ሳያዘው ሊንቀሳቀስ ይችላል።
• ሞተር ከጋለ ወይም የመቃጠል ሽታ ካመጣ ወዲያውኑ ያጥፉ።
• ሕፃናት ያለ አዋቂ ክትትል እንዳይሠሩ ያድርጉ፤ ክንዱ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ፊትና ጣት ከአጠገቡ ይራቁ።

ችግር ሲያጋጥም

ሁሉም ሞተሮች የሚንቀጠቀጡ ከሆነ የኃይል ምንጩንና የኔጋቲቭ መስመሮቹን ግንኙነት ይፈትሹ። አንዱ ብቻ የሚያቃስት ከሆነ መገጣጠሚያው መጥበቁን ወይም ከወሰኑ በላይ መታዘዙን ይመልከቱ። ከዚህም በኋላ ካልተስተካከለ ያንኑ ሞተር ከክንዱ አውጥተው ያለ ጭነት ለብቻው ይሞክሩት፤ በትክክል ከዞረ ሌላ ሞተር መግዛት ሳያስፈልግዎ ችግሩ በአገጣጠሙ ላይ መሆኑን ያረጋግጣሉ።