«ቲቪ የለኝም» ብሎ መክፈል ይቀራል? የጀርመን የብሮድካስት ክፍያ፦ ተረትና እውነታ

ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ ገብቶ አድራሻውን ያስመዘገበ ሰው ብዙም ሳይቆይ ኮሎኝ ካለው የክፍያ አሰባሳቢ ቢሮ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሂሳቡ በወር 18.36 ዩሮ ነው፤ የሦስት ወሩ ሲጠቃለል 55.08። «ቲቪ የለኝም ብለህ ወርውረው» የሚል መካሪ አይታጣም። ምክሩን የሰማ ግን ውሎ አድሮ የመዘግየት ቅጣት ተጨምሮበት ይከፍላል። ስለዚህ ክፍያ ከሐበሻውም ከጀርመኑም አፍ የማይጠፉ አባባሎችን አንድ በአንድ እንመልከት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ ቴሌቪዥን የሌለው አይከፍልም።

እውነታ፦ እስከ 2012 መጨረሻ ክፍያው በመሣሪያ ነበር፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መኖሩን የሚያጣሩ ሰዎች በር ያንኳኩ ነበር። ስልክና ኮምፒውተር ስርጭት ማሳየት ሲጀምሩ ማን ምን እንዳለው መቁጠር ትርጉም አጣ። ከጃንዋሪ 2013 ጀምሮ ክፍያው በመኖሪያ ቤት ሆኗል። አንድ ቤት አንድ ክፍያ ነው። አራት ሰዎች አንድ አፓርታማ ቢጋሩ አንዱ ተመዝግቦ ይከፍላል፤ ሌሎቹ የእሱን የክፍያ ቁጥር ለቢሮው ያሳውቃሉ። ይህን ባለማወቅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ጊዜ መክፈል አያስፈልግም።

ተረት፦ ገንዘቡ የመንግሥት ነው፤ ጣቢያዎቹም የመንግሥት አፍ ናቸው።

እውነታ፦ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ናዚዎች ሬዲዮን የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ አድርገውት ስለነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ብሮድካስቱ ከመንግሥት እጅ ርቆ እንዲዋቀር ተደረገ። መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወር የፌዴራል መንግሥቱ የሚቆጣጠረው የቴሌቪዥን ኩባንያ ሲያቋቁሙ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1961 ውድቅ አደረገባቸው። በ2014 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያው በዜድዲኤፍ የቁጥጥር ምክር ቤቶች ውስጥ የመንግሥትና የፖለቲካ ሰዎች ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጡ ወሰነ።

ገንዘቡም ወደ መንግሥት ካዝና አይገባም። ጣቢያዎቹ የሚያስፈልጋቸውን ያቀርባሉ፤ 16 አባላት ያሉት ነጻ የባለሙያዎች ኮሚሽን መርምሮ መጠኑን ያቀርባል፤ ክፍለ ግዛቶቹ ያጸድቃሉ። በ2020 መጨረሻ ሳክሰን-አንሃልት የተባለችው ክፍለ ግዛት በወርሃዊው ክፍያ ላይ የታቀደውን የ86 ሳንቲም ጭማሪ ሳታጸድቅ ቀረች። ፍርድ ቤቱም በ2021 ጭማሪው በሥራ ላይ እንዲውል አዘዘ። የጋዜጠኛን የእንጀራ ገመድ የያዘ ፖለቲከኛ ያልወደደውን ዘገባ በገንዘብ መቅጣት ይችላል፤ ሥርዓቱ የተሠራው ይህን ለመከልከል ነው።

ተረት፦ ውል አልፈረምኩም፤ ፕሮግራሙንም ስለማልወደው አልከፍልም።

እውነታ፦ ክፍያው በሕግ የተጣለ ስለሆነ ፊርማ አይጠይቅም። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2018 እንዳብራራው የሚከፈለው ስርጭቱን ማግኘት ስለሚቻል ነው፤ አየሁት አላየሁት ለውጥ አያመጣም። በዚያው ፍርድ ለሁለተኛ መኖሪያ ቤት ደግሞ ማስከፈል አግባብ አይደለም ተብሏል። በኦክቶበር 2025 ላይፕዚግ ያለው የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት አንዲት ጠባብ በር ከፈተ፦ የሕዝብ ጣቢያዎቹ ፕሮግራም ተደምሮ ለረጅም ጊዜ የሐሳብ ብዝኃነትን በግልጽ ካጓደለ የክፍያው ሕጋዊነት ሊጠየቅ ይችላል። ይህን ማስረዳት ግን ከባድ ነው፤ አንድ ዜና ስላናደደን ብቻ አይሆንም።

ተረት፦ ድሃም ስደተኛም ሳይቀር ይከፍላል።

እውነታ፦ የማኅበራዊ ድጎማ ተቀባዮች፣ በጥገኝነት ጠያቂዎች ሕግ እርዳታ የሚያገኙ ሰዎችና ባፎግ የሚባለውን የትምህርት ድጋፍ እያገኙ ከወላጅ ተለይተው የሚኖሩ ተማሪዎች ነጻ መሆን ይችላሉ። አንዳንድ አካል ጉዳተኞች በወር 6.12 ዩሮ ብቻ ይከፍላሉ። ነገር ግን ማመልከቻ ካልገባ ነጻነቱ አይመጣም። ማስረጃ ያለው ሰው እስከ ሦስት ዓመት ወደኋላ ተመልሶ መጠየቅ ይችላል። ደብዳቤውን ወርውር የሚለው ምክር የሚጎዳው በተለይ ይህን መብት ያለውን ሰው ነው። ከነጻነቱ መስፈርት ጥቂት ከፍ የሚል ደመወዝ ያለው ሰው ከባለጸጋው እኩል መክፈሉ ግን እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ሊታረም ይገባል።

ተረት፦ የዶቼ ቬለ አማርኛም የሚሠራው በዚህ ገንዘብ ነው።

እውነታ፦ ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨው ዶቼ ቬለ የሚተዳደረው ከፌዴራል መንግሥቱ በጀት፣ ማለትም ከግብር ነው። ወርሃዊው ክፍያ በዋናነት የሚሄደው ለሕዝብ ጣቢያዎቹ ለኤአርዲ፣ ለዜድዲኤፍና ለዶቼላንድራዲዮ ነው።

ተረት፦ የሚፈልግ ብቻ ቢከፍል ወይም ማስታወቂያ ቢበዛ ይበቃል።

እውነታ፦ ማስታወቂያ የሚከተለው ብዙ ገዢ ያለበትን ቦታ ነው። በምሥራቅ ጀርመን ሶርብ የሚባል አነስተኛ ሕዝብ አለ፤ የአካባቢው የሕዝብ ጣቢያዎች ኤምዲአርና አርቢቢ በራሱ ቋንቋ ያሰራጩለታል። ይህን ያህል ጥቂት ተመልካች የራሱን ጣቢያ በደንበኝነት ክፍያ ማቋቋም አይችልም። የሁሉም መዋጮ ሲኖር ግን ይቻላል። በየዓመቱ በሚጸድቅ በጀት ላይ መንጠልጠልም ዋስትና የለውም። አሜሪካ ውስጥ በ1967 ሕግ የተመሠረተው የሕዝብ ብሮድካስት ኮርፖሬሽን፣ ኮንግረስ በጁላይ 2025 ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሲነጥቀው ሥራውን ለመዝጋት ተገዷል።

አገር ቤትም የቴሌቪዥን ክፍያ ከመብራት ሂሳብ ጋር እንዲሰበሰብ ተደርጓል። በጀርመንም በኢትዮጵያም ያለ ከፋይ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ የማዋጣበት ጣቢያ ተጠሪነቱ ለማን ነው?

ሁሉም ሰው መክፈል አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ጣቢያው ከመንግሥት የሚጠበቅበት ሕግና ከፋዩ የሚቆጣጠርበት መንገድ ካለ ብቻ ነው። በ2022 የአርቢቢ ዋና ኃላፊ ፓትሪሲያ ሽሌዚንገር በብክነት ክስ ከሥልጣን የወረዱት ሌሎች ጋዜጠኞች ጉዳዩን ስላወጡት፣ ከፋዩም ስለተቆጣ ነው። ያዋጣ ሰው የመቆጣት መብት አለው። ስለዚህ ደብዳቤው ሲመጣ ይነበብ፤ ነጻ መሆን የሚገባው ያመልክት፤ የሚከፍለውም በገንዘቡ ምን እንደተሠራ ሳይታክት ይጠይቅ።